ቤተ ክርስቲያን ደንበኛ የላትም

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን! መልእክትዎ ደርሶናል። አገልግሎታችንን ለመደገፍ የምትፈልጉ የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን የሚከተለው ነው…»

ይህ መልስ የደረሳት የአንዳችን ታላቅ እህት ናት። ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁን 2020፣ ቦታው ቤይሩት። ኮሮናው በአንድ ወገን፣ የሊባኖስ ገንዘብ መውደቅ በሌላ ወገን ሆኖ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እያወረዱ ጥለዋቸው የሚሄዱበት ሰሞን ነበር። እህታችን ገና ከአሠሪዋ ቤት አልወጣችም፤ ደመወዝ ካየች ግን ወራት አልፈዋል። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ፣ ስብከቱን ሁልጊዜ ለምትከታተለው አንድ የቤተ ክርስቲያን ገጽ ጻፈች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነው። እዚህ ከተማ በአማርኛ የሚጸለይበት ቦታ የት ነው? የሚያነጋግረኝ ሰው አለ ወይ?

መልሱ ወዲያው መጣ። ደስ አላት፤ እስከ መጨረሻው አነበበችው። የባንክ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ የጻፈላት ሰው የለም። በማግሥቱ ግን ገጹ አዲስ ቪዲዮ ለቀቀ፤ «ሼር ያድርጉ፣ ሰብስክራይብ ያድርጉ» የሚል።

የገጹን ስም አንጠራም። ከጠራን ሌሎቹ «እኛን አይደለም» ብለው ይተኛሉ።

እኛ የዚህ ዓምድ ጸሐፊዎች ሃይማኖታችን አንድ አይደለም። ቅዳሴ የሚያስቀድስ አለ፣ እሑድ እሑድ አዳራሽ የሚሄድ አለ፣ ሁለቱንም ካቆመ የቆየም አለ። በዚህ ነገር ግን ተስማምተናል፤ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ኢንተርኔት ላይ ሲወጡ የገበያውን ሙያ ለመማር ሄደው የገበያውን ክፉ ጠባይ ብቻ ይዘው ተመልሰዋል። ነጋዴ እንኳ ደንበኛው ሲጠይቀው ይመልሳል። መርካቶ ያለ ጨርቅ ሻጭ «ስንት ነው?» ለሚለው ሰው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሰጥቶ ፊቱን አያዞርም። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ደንበኛ የላትም። ያላት ምእመን፣ እንግዳ፣ ጠያቂ፣ የተጨነቀ ሰው ነው። ታዲያ ከደንበኛ ያነሰ መስተንግዶ እንዴት ይደርሰው?

እዚህ ላይ «ድሮስ ወንጌልን እንደ ሳሙና ማስተዋወቅ ምን ሊያመጣ!» የሚሉ አሉ። ከእነሱም ጋር አንስማማም። መሣሪያው ኃጢአት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1963 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ «ብሥራተ ወንጌል» የተባለውን ሬዲዮ ጣቢያ ከፈተ። ያኔ ሬዲዮ ማለት የዛሬው ኢንተርኔት ነበር። የጣቢያው አሠራር ምን ነበር? ከስርጭቱ 30 በመቶ ያህሉ ስብከት፣ 70 በመቶ ያህሉ ትምህርት፣ ጤና፣ ዜና እና ለኑሮ የሚጠቅም ሌላ ነገር። ደርግ በ1977 እስኪወርሰው ድረስ በዚሁ ሠራ። እነዚያ ሰዎች አድማጩ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቀው ነው ማይክሮፎን የያዙት። ከዛሬዎቹ የቤተ ክርስቲያን ቻናሎች ስንቱ ነው ሰባ በመቶውን ለሰሚው ጥቅም የሚሰጠው? ሰባቱ በመቶስ ይገኛል?

የቅርቡንም እንይ። አሜሪካ ኦክላሆማ ያለው ላይፍ ቸርች እ.ኤ.አ. በ2008 የመጽሐፍ ቅዱስ አፕሊኬሽን አወጣ። ዩቨርዥን ይባላል፤ በነፃ ነው፤ አማርኛውም አለበት። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ሁሉ መስማማት አይጠበቅብንም። ነገር ግን ለሰው መጀመሪያ የሚፈልገውን በእጁ ሰጡት።

የእኛዎቹ መከራከሪያ ቁጥር ነው። «መቶ ሺህ ሰው አይቶናል!» ይሁና። መቶ ሺህ ያየው ምኑን ነው? እነዚህ መድረኮች ሰውን አስደንግጦ የሚያቆየውን ወደ ላይ እንደሚያወጡ የገጽ አስተዳዳሪዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ። ለዚህ ነው የቪዲዮው ሽፋን ቀይ ቀስትና «ተጋለጠ!» የሚል ጽሑፍ የሞላበት። ለዚህ ነው የታመመች ሴት መሬት ላይ ስትወድቅ ፊቷ ሳይሸፈን የሚለቀቀው። ያቺ ሴት ነገ ሥራ ትፈልጋለች፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ተመልካቹ ተቆጠረ፤ እሷን ማን ቆጠራት?

ደግሞ ያ ሁሉ ተመልካች የሰው ቤት ውስጥ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2023፣ የቤተ ክህነቱ ችግር በጋለበት ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገድበው እስከ ጁላይ ቆዩ። አምስት ወር! ከፌስቡክ ገጽ ሌላ አድራሻ ያልነበረው አጥቢያ ሁሉ በአንድ ቀን ከመንገድ ጠፋ። የራሷ ድረ ገጽና የተመዘገበ ስልክ ያላት ቤተ ክርስቲያን ግን አድራሻዋ የሌላ ሰው ቁልፍ ውስጥ አልተቆለፈም።

የራሷ ድረ ገጽ አላት የተባለችውንስ ከፍተን አየን? መጀመሪያ የሰባኪው ፎቶ፣ ቀጥሎ የሕንፃው ንድፍ፣ ቀጥሎ «ይለግሱ»። የአምልኮ ሰዓት የት አለ? የለም፤ ካለም ከዓመታት በፊት በፖስተር የተለጠፈ ነው። ጉግል በአሜሪካ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች በወር እስከ 10,000 ዶላር የሚያወጣ የፍለጋ ማስታወቂያ በነፃ ይሰጣል፤ ቤተ ክርስቲያኖችም ያገኛሉ። ሰውየው ማስታወቂያውን ነክቶ ሲገባ ያለ አድራሻ ባዶ አዳራሽ ከጠበቀው ግን ነፃውስ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ለወቀሳ ብቻ አልተነሣንም። የምንጠይቀው ይህን ነው፦

1. አድራሻና ሰዓት ከሁሉ በፊት ይጻፍ። ሰዓቱ በሀገር ቤትም በውጭም አቆጣጠር ይሁን። ዋሽንግተን የተወለደ ልጅ «በ2 ሰዓት» ሲባል ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ ትናንት ከአዲስ አበባ የገባችው አክስቱ ጠዋት ትመጣለች። በጾም ወራት የቅዳሴው ሰዓት ሲለወጥ ገጹም አብሮ ይለወጥ።

2. ጽሑፍ በጽሑፍ ይቀመጥ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ነው። ዛሬም ማስታወቂያን ሁሉ በሥዕል መለጠፍ ፈላጊውን ማሳወር ነው። አንዱ «ጸሎት»፣ ሌላው «ፀሎት» ብሎ ይፈልጋል፤ አንዱ «ቤተ ክርስቲያን»፣ ሌላው «ቤተክርስትያን» ይላል፤ ልጆቹ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጽፋሉ። ሊቃውንቱ ስለ ፊደሉ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተጨነቀ ሰው ግን የሚጽፈው እንደ ለመደው ነው። ሁሉም መንገድ ወደ በሩ ያድርሰው።

3. የሚመልስ ሰው ይመደብ። ለካሜራና ለመብራት በጀት የያዘ ኮሚቴ፣ ማታ ማታ መልእክት የሚያነቡ ሁለት ታማኝ ሰዎች አያጣም። አንዷ ሴት ብትሆን ደግሞ ይሻላል፤ ከዓረብ ሀገር የሚጻፈው ሁሉ ለወንድ የሚነገር አይደለም።

4. የጸሎት ጥያቄ ምስጢር ነው። «ባሌ ይመታኛል» ብላ የጻፈችበት ቅጽ ላይ የማስታወቂያ መከታተያ አይጫን። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እንኳ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ማስታወቂያን ሃይማኖትን በመሳሰሉ ጉዳዮች ለይቶ ማነጣጠርን ሲያስቀር፣ ነጋዴ ያፈረበትን ነገር ካህንና ፓስተር ሊደፍሩት አይገባም።

5. ገንዘብ ከተጠየቀ ሒሳብ ይነገር። የባንክ ቁጥሩ በተለጠፈበት ገጽ ላይ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን ወጣ የሚለውም ይለጠፍ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰውን ከቁጥር ማስቀደም ነው። ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ አለ። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲቀርብ ሕዝብ አልሰበሰበም፤ በዚያ በረሃ መንገድ የሚያየውም አልነበረም። አንድ ሰው አገኘ፤ የያዘውን መጽሐፍ ያስተውለው እንደሆነ ጠየቀው፤ ከዚያም አጠገቡ ተቀምጦ ከጥያቄው ጀምሮ አስረዳው። ኢትዮጵያውያን ስለ ክርስትናችን ጥንታዊነት ስንኮራ የምንጠቅሰው ይህንኑ የአንድ ለአንድ ንግግር ነው። ታዲያ የእሱ ልጆች ነን ያሉ ጠያቂያቸውን ለአውቶማቲክ መልስ ጥለው ሲሄዱ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለም?

እህታችን በኋላ ሰው አገኘች። ያገናኛት ድረ ገጽ አይደለም፤ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ የወሎ ልጅ ናት። በምልክት ተነጋገሩ፣ ስልክ ተለዋወጡ፣ ለጸሎት የሚሰበሰቡበትን ቤት አሳየቻት። ያቺ ልጅ ሰብስክራይበር የላትም።

እናንተ የገጽ አስተዳዳሪዎች፣ እናንተም ምእመናን፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ስማችሁን ሳትገልጹ ለራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን ገጽ ጻፉ፤ «ለከተማው እንግዳ ነኝ፣ ጨንቆኛል፣ የት ልምጣ?» በሉ። ከዚያ ሰው እስኪመልስላችሁ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቁጠሩ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ ኢንተርኔት አገልግሎቱ ሪፖርት ሲቀርብ፣ ከተመልካቹ ብዛት በፊት ያ ቁጥር ይነበብ።