ከቀለሙ በታች

በአዲስ አበባ ጋራዦች መኪና ላይ ቀለም የሚረጨው ሰው ስም አለው፤ «ቀለም ቀቢ» ይባላል። የተጨረመተውን ቆርቆሮ ቀጥቅጦ የሚያቀናው ደግሞ ከጣልያንኛ በተዋስነው ቃል «ባትላሜራ» ነው፤ ላሜራ መቺ እንደ ማለት። በሁለቱ መካከል ቀኑን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ የሚውለውስ? እሱ «ልጁ» ነው። «ልጁ ይፈግፍገውና ነገ ይቀባል» ሲባል እንሰማለን። ለኮፈኑም ለፓራፋንጎውም ስም ያልነፈገ ቋንቋ ይህን ሙያተኛ ያለ ስም መተዉ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ክፍያውም እንደ ስሙ ነውና።

እኔ እንደማምነው የቀለሙ ዕድሜ የሚወሰነው በዚህ ልጅ እጅ ነው። ቀለም ስስ ነገር ነው፤ ከሥሩ ያለውን ጉድለት አይሸፍንም፤ እንዲያውም ሲያብረቀርቅ አጉልቶ ያሳየዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ቅባቱ ይጠረጋል፤ ሳይጠረግ ቢታሽ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ያስገባዋል፤ ቀለሙም በዚያ ቦታ አልይዝ ብሎ ክብ ክብ ቀዳዳ ያወጣል። ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቃል። ስቱኮው ሲደርቅ በ80 ቁጥር ወረቀት ቅርጽ ይይዛል፤ ቀጥሎ 180፣ ከፕራይመር በኋላ 320፣ ከቀለሙ በፊት 400 ወይም 600። ቁጥሩ ባደገ መጠን ወረቀቱ ይለዝባል። ከ80 ወደ 400 የሚዘል ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ጥልቁ ጭረት ግን ከወራት በኋላ፣ ቀለሙ ደርቆ ሲሰምጥ፣ በፀሐይ ላይ ይነበባል።

ወረቀቱ በጠፍጣፋ እንጨት ወይም ጎማ ላይ ካልተጠቀለለ ጣቶች የየራሳቸውን ቦይ ይቆፍራሉ። የተካነው ልጅ በፕራይመሩ ላይ ጥቁር ቀለም በስሱ ረጭቶ እንደገና ያሻል፤ ከፍ ያለው ይነጣል፣ የሰረጎደው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ መዳፉን ይሰዳል፤ ዐይኑ ያለፈውን መዳፉ ያገኘዋል። ሥነ ጽሑፋችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ከአንጥረኛ ቤት ተውሷል፤ ከጋራዥ የሚዋሰው ነገር ቢኖር ይህ በመዳፍ ማንበብ ይመስለኛል።

ቁጭቴ ግን ሌላ ነው። ስቱኮ ውኃ ይስባል። በውኃ ከታሸ እርጥበቱን ይዞ ይቀርና ከሥሩ ያለውን ብረት ያዝጋል፤ ቀለሙም ያብጣል። ስለዚህ የግድ በደረቁ መታሸት አለበት፤ ውኃ የሚፈቀደው ፕራይመሩ ላይ ሲደረስ ነው። በደረቁ ሲታሽ ታልክና ሙጫ የተቀላቀለበት ነጭ ብናኝ ይነሣል፤ መኪናው የቆየ ከሆነ ደግሞ አሮጌው ቀለም፣ በተለይ ቢጫውና ቀዩ፣ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። መኪናው እንዳይዝግ ብናኙን የሚተነፍሰው ልጁ ነው። አፍና አፍንጫውን በሻሽ ያስራል፤ ሻሽ ግን ደቃቁን አያስቀርም። የሚያስቀረው ማጣሪያ ያለው ጭንብል ነው።

«ዋጋው አይፈቅድም» የሚለውን መልስ እናውቀዋለን። ባለጋራዡን ብቻ አልወቅስም። ደንበኛው ገና ከበር «ቀለሙ ስንት ነው? መቼ ይደርሳል?» ይላል እንጂ ስለ መታሸቱ አይጠይቅም። ዋጋ ሲቀነስ የሚቀነሰው ከልጁ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ሲያጥር ዝገቱ ሳይፋቅ ስቱኮ ይከመርበታል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ማግኔት ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ስቱኮው በወፈረበት ቦታ ማግኔቱ አይጣበቅም።

ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ ተወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆኗል። ያለንን ደጋግመን ማሳደሳችን አይቀርም። እንግዲህ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ከ«ቀለም» በላይ «ዝግጅት» የሚል መስመር ይጻፍ፤ ሰዓቱና ክፍያው ለብቻው ይቆጠር፤ ጭንብሉም እንደ ቲነሩ ከዕቃው ዝርዝር ይግባ። ደንበኛም ቀለሙ ከመረጨቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይሂድ፤ ያሸው ማን እንደሆነ ስሙን ይጠይቅ፤ መዳፉንም በፕራይመሩ ላይ ይሰድ። ከመጨረሻው ጠረጋ በፊት ይሁን ታዲያ፤ የእጅ ወዝም ቅባት ነው።