ካሴቴን ለወዳጆቼ ባሰማ ሌባ ነኝን?

ሰሞኑን ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ የቆየ ወዳጄ «አንተ እኮ ሌባ ነህ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ወንጀሌ፣ የካሴት ክምችቴን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጬ፣ ጄሊፊን በተባለ ነፃ ፕሮግራም አማካይነት ለዘጠኝ ወዳጆቼ የይለፍ ቃል ማደሌ ነው። እያንዳንዱ በየቤቱ ሆኖ ያሻውን ይሰማል። (ከዘጠኙ አንዱ እርሱ ራሱ ነው። መዝገቡን ባየው፣ በዚያው ዕለት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሰማ አምሽቷል።)

የወዳጄ ክርክር «ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ከፍለህ ስማ» የሚል ነው። የለም! እዚያ ያለው የተመረጠው ብቻ ነው። ከሣጥኔ ካወጣኋቸው ካሴቶች እኩሌታውን ፈልጌ አጥቻለሁ። ያሳተማቸው ሙዚቃ ቤት ተዘግቷል፣ ዋናው ቅጂ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፣ ክሩም እያረጀ ነው። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ ስልሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ እንደገና ከሀ ይጀመራል። እንዲህ የሚደክም ሌባ የት አለ? በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ የታተሙ ሸክላዎቻችንንስ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ «ኢትዮፒክ» በሚል ርእስ በተከታታይ ሲዲ ባያወጣቸው ኖሮ፣ ስንቶቻችን ጥርት ባለ ድምፅ እንሰማቸው ነበር?

ከፍሎ መስማትና ከፍሎ የራስ ማድረግም አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን፣ ሰዎች የገዙትን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከየማንበቢያ መሣሪያቸው ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰርዞታል። ገንዘቡን መልሷል፤ ግን ማን ጠየቀው? ብዙዎች የሚገለገሉበት ፕሌክስ ደግሞ ከ2025 ወዲህ፣ በገዛ ቤትህ ያስቀመጥከውን ፊልም ከቤትህ ውጭ ሆነህ ለማየት ክፍያ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ግን አልክድም። የ1996 ዓ.ም. የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል እንጂ ለዘጠኝ ሰው አድል አይልም። ካሴት መዋዋስ ልማዳችን ነበር ብዬ ብሟገትም፣ የተዋሱት ካሴት በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ቤት አይገባም። ስለዚህ ድንበር አበጅቻለሁ። ገበያ ላይ የሚገኝ ሥራ አላስገባም፤ ሳንቲም አልቀበልም። ከዘጠኙ አንዱ ገልብጦ ዘፈን በፍላሽ ለሚጭን ሱቅ ሲሰጥ ስደርስበት በሩን ዘጋሁበት። እስካሁን እንደተኳረፍን ነን።

ዓምና፣ ካሴታቸውን ከገለበጥኩባቸው አንጋፋ ድምፃዊ ዘንድ ሄጄ የሠራሁትን ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ለመሆኑ ያ ካሴት አለህ እንዴ?» አሉኝ። እርሳቸው ቤት አንድም ቅጂ የለም። በማግስቱ በፍላሽ ይዤላቸው ሄድኩ። የልጅ ልጃቸው በኮምፒዩተሩ ከፈተላቸው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ማሲንቆውን የመታው ማን እንደነበረ ለማስታወስ ሲታገሉ ተሰናብቻቸው ወጣሁ።