ነጋዴ ሲሞት ለምን ደጃዝማች ይሆናል?

ጎንደር ከተማም ሆነ ወገራን አልፎ በዳባትና በደባርቅ፣ አንድ የታወቀ ነጋዴ ሲቀበር የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ሟች በአባታቸው በኩል ከእገሌ ደጃዝማች፣ በእናታቸው በኩል ከእገሌ ፊታውራሪ ይወለዳሉ። ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደግመዋል። ከዚያ «በንግድ ሥራ ተሰማርተው» ይባልና ሃምሳ ዓመት በሦስት ቃል ያልፋል። ቀጥሎ ትዳር፣ ልጆች፣ ለደብሩ ያሠሩት ጉልላት፣ ሕመም፣ ዕረፍት።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምን ሸጡ? ከማን ገዙ? የመጀመሪያውን ገንዘብ ማን አበደራቸው? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወርስ ምን ቀራቸው፣ ቤተሰቡስ በምን አደረ? መልስ የለም። በዓይናቸው ያላዩዋቸው ቅድመ አያቶች እስከ ሰባት ቤት ተቆጠሩ፤ ቤቱን ያቆመው ሥራ ግን እንደ ነውር ተሸፈነ።

ይህን ወግና ጨዋነት ነው የሚሉ አሉ። አይደለም፤ ሟቹን መካድ ነው። ከደጃዝማቹ የወረሱት አንድ ጋት መሬት ሳይኖር፣ በላባቸው ያገኙት ሁሉ ለደጃዝማቹ ስም ማሳመሪያ ይውላል።

ትውልድ መቁጠሩ በዘመኑ ምክንያት ነበረው። በርስት አገር አያቱን ያልቆጠረ መሬት አያገኝም፤ በዳኛ ፊት የዘር ሐረግ ማስረጃ ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ያ ጥቅም አበቃ። ዛሬ ደጃዝማች መቁጠር አንዲት ጥማድ አያስገኝም። የቀረው ልማዱና በልማዱ ውስጥ ያለው ንቀት ነው።

ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ለማየት ከዐፄ ቴዎድሮስ በላይ ምስክር አያሻም። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግራቸው ጊዜ ጎንደር ላይ ኮሶ ሸጡ ይባላል። ልብ በሉ፤ ኮሶ መድኃኒት ነው፣ ያን ጊዜ ያልጠጣው መኳንንት የለም። ሁሉም ይጠጣዋል፣ የሸጠችው ግን መሰደቢያ ሆነች። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ተማረከ፤ ካሳም ኮሶውን እንዳጠጡት ይተረካል። ታሪኩ ሲወራ ሁሉም ይስቃል። የሚያሳዝነው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ያ ሰው ዘውድ ከጫነ በኋላ እርሱም የዘር ሐረጉን ወደ ሰሎሞን አስቆጠረ። እናቱ በገበያ ያሳደገችው ልጅ እንኳ ገበያውን ይዞ ዙፋን ላይ ለመቀመጥ አልደፈረም። ታዲያ የደባርቅ ባለሱቅ ልጆች ቢያፍሩ ምን ይገርማል?

ጎንደር ግን የቤተ መንግሥት ከተማ ብቻ ሆና አታውቅም። ግንቡን የሚያስጎበኝ ሁሉ ፋሲልን ይጠራል፤ ሐጂ ዓሊን የሚጠራ ግን አይሰማም። ታላቁ ኢያሱ ሐኪም ፈልገው በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ወደ ካይሮ የላኩት እርሱን ነበር፤ ፈረንሳዊውን ፖንሴን ይዞ የመጣው ይኸው ሙስሊም ነጋዴ ነው። አርመናዊው ኾጃ ሙራድ ደግሞ ለነገሥታቱ እየነገደና እየተላከ እስከ ህንድ፣ እስከ ባታቪያ፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ጃካርታ ደርሷል። ንጉሡ የውጭውን ዓለም ያየው በነጋዴ ዓይን ነበር ማለት ነው። ምስጋናውስ? በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይስፈር ተባለ። ከላይ ግንቡ፣ ከታች ወደ ቀሃና አንገረብ ወንዞች በኩል አዲስ ዓለም። የምጽዋንና የመተማን መንገድ የያዘው፣ አሞሌውንና ዝባዱን የሚያመላልሰው ያ ሰፈር ነበር። ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ሲዘርፉ፣ ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ሲያቃጥሉ የተዘረፈው ሀብት ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ወለቃ ላይ ሸክላ የሠሩት፣ ብረት የቀጠቀጡት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ «ቡዳ» ተብለው ቀሩ።

«ነጋዴውም እኮ ንጹሕ አልነበረም» የሚል ይነሣል። እውነት ነው። በዚያው በመተማና በምጽዋ መንገድ ከዝሆን ጥርሱና ከወርቁ ጋር ሰውም ተሸጧል። ይጻፋ! የነጋዴ ቤተሰብ ታሪክ ይጻፍ ሲባል ውዳሴ ይጻፍ ማለት አይደለም። ሚዛን ያሳነሰ ካለ ይጻፍ፤ በክፉ ቀን እህል የደበቀ ካለ ይጻፍ፤ በዱቤ ሰጥቶ ሰፈሩን ከረሃብ ያሳደረም ይጻፍ። ደጃዝማች አስመስሎ መቅበር ግን በጎውንም ክፉውንም አብሮ መቅበር ነው።

ጉዳዩ የቀብር ሥነ ሥርዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም በተባለ። ዛሬ በዚያ አገር ነጋዴ በየመንገዱ ይታገታል፤ ቤተሰቡ ለማስለቀቂያ ሱቁን ይሸጣል። ወሬው ሲሰማ በየቡና ቤቱ «ከየት አምጥቶት ነው ያን ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ከየት እንዳመጣው ማንም ስላልነገረው ነዋ! እናቱ ጠላ ሸጣ በሰጠችው ብር ጨውና ሳሙና ይዞ ሊማሊሞን የወረደ ሰው እንዳለ፣ ከገብስና ከባቄላ ጀምሮ ሰሊጥ ላይ የደረሰ እንዳለ ልጆቹ ራሳቸው ከደበቁት፣ ጎረቤት ሀብትን ሁሉ ከሌብነት ቢቆጥር በማን ይፈረዳል?

ማስረጃው አሁንም በየቤቱ አለ። በአልጋ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ የዱቤ ደብተሩ፣ የግብር ደረሰኙ፣ የድሮው የንግድ ፈቃድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ቤት ሲጸዳ፣ ያ ደብተር እየተቀደደ በርበሬ ይጠቀለልበታል። የደጃዝማቹ ፎቶግራፍ ግን፣ የማን እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ ባይኖርም፣ በመስታወት ተደርጎ ሳሎን ይሰቀላል።