ሳጥኑን ሳትከፍቱ አትሙቱ

እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለወጣቱ አይደለም፤ ወጣቱ ገና የሚያጠፋው ወረቀት የለውም። የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከደብረ ታቦር፣ ከፎገራ፣ ከደራ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት ተነሥታችሁ በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ ለተማራችሁ፣ ዛሬ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ውስጥ ወገባችሁን እየዘፈዘፋችሁ ስለ አራት ኪሎ ለምታወጉ። ወጉ ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን በየዓመቱ ከወጉ ላይ ሰው እየጎደለ ነው። የሚጎድለውም የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው።

በቅርቡ ከመካከላችን አንዱን ቀበርን። ስሙን አልጠራም፤ ቤተሰቡ ገና ሐዘን ላይ ነው። ከአልጋው ሥር አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን ነበረችው። አርባው ካለፈ በኋላ ልጆቹ ቤቱን ለማከራየት ሲያጸዱ ከፈቷት። የፈለጉት የቤቱን ካርታ ነበር፤ እሱን ወሰዱና የቀረውን «የአባባ ኮተት» ብለው በማዳበሪያ ጠቅጥቀው አወጡት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ ገበያ ዳር ቆሎ ገዛሁ። ጥቅሉን ስፈታው በታይፕ የተመታ የእንግሊዝኛ ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። የኮሌጅ ፈተና ፕሮግራም ነው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ክፍሉ ተዘርዝሯል። በኅዳጉ ላይ በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያውቀው ሰው ዘንድ በማይሳት የእጅ ጽሕፈት፣ «ይቺን ካለፍኩ ለእማዬ እጽፋለሁ» ይላል። ባለቆሎዋን ሌላ ካላት ጠየቅኋት። ሁሉንም ሸጣበት ጨርሳለች።

ልጆቹን አልወቅስም፤ ምን እንደያዙ የነገራቸው የለም። መንገር የነበረበት አባት ነው።

ነገሩ ከአንድ ሰው ሳጥን ይሰፋልና ታገሡኝ። የተማርንበትን ቤት ያቆሙት እነማን እንደሆኑ አንዳንዶቻችሁ ለልጅ ልጆቻችሁ ተናግራችሁ አታውቁም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሩ የተማረ ሰው አልቆበት ነበር፤ ፋሽስት ከየካቲት 12 በኋላ የተማረውን እየለየ ፈጅቶታልና። ጃንሆይ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከካናዳ ኢየሱሳውያንን፣ ጀስዊት የሚባሉትን ካህናት፣ አስመጥተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን አስረከቧቸው። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ከእነሱ በአንዱ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሆኖ ነው፣ ቻርተሩን ያገኘው በ1946 ዓ.ም. ነው። ኢየሱሳውያኑ ካህናት ሆነው ሳሉ የክህነት ልብስ አይለብሱም፣ አይሰብኩም ነበር። የተቀበሏቸው በዚህ ውል ነው፤ የሚያስተምሩትም በሱፍና በከረባት ነበር። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንዳስፈለገ ለበጌምድር ሰው አላስረዳም። የሮምን ሃይማኖት የተቀበሉት የአፄ ሱስንዮስ ዘመን በእኛ ቀዬ ገና ትናንት ነው።

በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ከሌሎቹ ኮሌጆች ጋር ተጠቃሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ጃንሆይ ገነተ ልዑልን ለቀውለት ስድስት ኪሎ ገባ። አብዮቱ ሲመጣ ስሙ ዳግመኛ ተለወጠና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስም ሲለወጥ ማኅተም ይለወጣል፣ ማኅተም ሲለወጥ የድሮው ፋይል ባለቤት የሌለው ይሆናል። ማንንም መክሰሴ አይደለም፤ በመዝገብ ቤት የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እንዲያውም ኮሌጁ በጎ ልማድ ነበረው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ መጽሐፉንም ቅርሱንም ሲለቅሙ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም ያ ልቃሚ መሠረት ሆኖታል።

ፍርሃቴ ግን ሌላ ነው፤ ታሪካችን በአስተማሪዎቻችን ቃል ብቻ እንዳይቀር ነው። ኢየሱሳውያን ከመሥራቻቸው ከኢግናጥዮስ ጀምሮ ለአለቆቻቸው ደብዳቤ የመጻፍ ግዴታ አለባቸው። የትም ይላኩ፣ የሠሩትን፣ የገጠማቸውን፣ የሰዉን ጠባይ እየጻፉ ይልካሉ። በመርከብ ዘመን አንዱን ደብዳቤ ደጋግመው ገልብጠው በተለያየ መርከብ ይልኩት ነበር፤ አንዱ ቢሰጥም ሌላው እንዲደርስ። ፔድሮ ፓኤዝን ተመልከቱ። መጀመሪያ ወደ እኛ ሲመጣ ተይዞ የመን ሰባት ዓመት ታሰረ፤ ተፈትቶ እ.ኤ.አ. በ1603 አገራችን ገባ፤ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ግን የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጽፎ ጨርሶ ነበር። ያ ጽሑፍ ዛሬም በማኅበሩ የሮም መዝገብ ቤት አለ፤ ሌላ ግልባጭ ፖርቱጋል ብራጋ አለ። ቤካሪ የተባለ የእነሱው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1917 የእሱንና የጓደኞቹን ጽሑፍና ደብዳቤ በ15 ቅጽ አሳተመው። ዛሬ የሱስንዮስን ዘመን የሚያጠና ምሁር፣ የእኛው ልጅ ሳይቀር፣ መጀመሪያ የሚከፍተው እነዚያን ቅጾች ነው።

በእኛ በኩል ምን አለ? አባ ምህርካ ድንግልና አዛዥ ጢኖ የጻፉት ዜና መዋዕል አለ። አዛዥ ጢኖ ራሱ ወደ ሮም ሃይማኖት ገብቶ የነበረ ነው፤ መጽሐፉም ታትሞ የወጣው ሊዝበን ነው። አፄ ፋሲል ደግሞ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ የፈረንጆቹን መጻሕፍት እንዳስቃጠሉ ይነገራል። ቂሙ ይገባኛል፤ በዚያ ሃይማኖት ምክንያት የፈሰሰው የገበሬ ደም ጥቂት አይደለም። ይሁንና የተቃጠለው እዚህ የነበረው ብቻ ነው። ሮም ያለው አልተነካም። በአብዛኛው የቀረልን ያንደኛው ወገን ቃል ሆነ፤ የተባረረው ወገን ቃል።

ከዚህ ያመለጠ አንድ ቤት አለ፣ እሱም ጎረቤታችን ነው። እዚሁ ደራ ውስጥ፣ ጣና ዳር፣ ቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ አለች። እናታችን ወለተ ጴጥሮስ የሱስንዮስን ሃይማኖት እንቢ ብላ ባሏን ትታ መነነች፤ ተሳደደች፣ ተጋዘች፤ እ.ኤ.አ. በ1642 አረፈች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ያዩዋትና የሰሟት ሳያልቁ ከአፋቸው እየተቀበለ ገድሏን ጻፈ። ስትቆጣ፣ ስትታመም፣ ከመነኮሳይያቱ ጋር ስትውል ሁሉ አለበት። ፓኤዝና ጓደኞቹ የማያውቁት ኢትዮጵያ ያለው በእሱ ውስጥ ነው። ያ መነኩሴ ሌላ ሠላሳ ዓመት ቢዘገይ ማንን ይጠይቅ ነበር?

እኛ ከ1943 ዓ.ም. ወዲህ ከሰባ ዓመት በላይ ዘግይተናል።

የካናዳ ካህናት ለአለቆቻቸው የጻፉትን እንደ ማኅበራቸው ልማድ አይጥሉትም። አንድ ቀን አንድ ጎበዝ ተመራማሪ በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ያነብና የኮሌጃችንን ታሪክ ይጽፋል። እውነተኛ ሰው ይሆናል፣ ያገኘውን ነው የሚጽፈው። ነገር ግን ለአለቃ የሚጻፍ ደብዳቤ ውሸት ባይኖርበትም የአለቃን ፊት እያየ የተጻፈ ነው። በማታ ከማደሪያው መብራት ሲጠፋ ምን እንደተባለ የለበትም። አባቱ ጥማድ በሬውን ሸጦ የመንገድ ስንቅ የሰጠው የእስቴ ልጅ የለበትም። ከድጓ ቤት ወጥቶ ከዳዊት ወደ ፊዚክስ የዘለለው ልጅ የለበትም፤ ደግሞ ቤተ ልሔምንና ዙር አምባን በሚያህሉ ጉባኤ ቤቶች አገር ያደገ ተማሪ ለካናዳዊ አስተማሪ ሲመልስ ምን ዓይነት ጭንቅላት ይዞ እንደመጣ ማን ጽፎታል? ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ሲነሡ የኮሌጁ ተማሪ ሰልፍ ወጥቶ ደግፏቸዋል። ይህን ሁሉም መጽሐፍ ይለዋል። ማን መጀመሪያ እንደተናገረ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን ከሰልፉ መሐል እንደተመለሰ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ፤ እናንተም እርስ በርስ በሹክሹክታ ካልሆነ አትናገሩትም።

ለምን እንደማትናገሩት አውቃለሁ። በቀይ ሽብር ዘመን አንዲት ፎቶግራፍ ሰው ታስገድል ነበር። ብዙ ቤት ሌሊት ምድጃ እየተነደደ ደብዳቤ ተቃጥሏል፤ ያቃጠሉትን የሚወቅስ አእምሮ የለኝም፤ ነፍሳቸውን አትርፈዋል። ያ ፍርሃት ግን ዘመኑ ካለፈ በኋላም አልለቀቀንም። ዛሬም ወረቀት ስናይ እጃችን ወደ እሳት ይሄዳል።

ስለ መቅደላ ሁላችንም እናለቅሳለን። አፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቡትን መጻሕፍት እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1868 ጭኖ ወሰደው፤ ወደ 350 የሚሆነው ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። ደብረ ታቦር የቴዎድሮስ ከተማ ነችና ልቅሶው የእኛ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ለንደን ያለውን ቁጥሩን እናውቃለን፣ ካታሎጉን አይተን ይመለስ እንላለን። በየቤታችን ምስጥ የበላውን ማን ይቁጠረው? በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጋይንት ገብቶ ደብረ ታቦር ድረስ ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ፣ የሸሸ ሰው ልጁንና ብርድ ልብሱን እንጂ ሳጥን አልያዘም። ዛሬም አገሩ ሰላም አይደለም። ነገ ምን እንደሚመጣ የምትተማመኑ ካላችሁ እናንተ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ሳጥኑን ክፈቱ፣ ዛሬ፣ ዓይናችሁ እያየ። የፎቶግራፉን ጀርባ አዙራችሁ ስም ጻፉበት፤ ከግራ ሦስተኛው ማን ነው? እናንተ ከሌላችሁ ሦስተኛው ሰው ለዘላለም ስም የለውም። በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል፤ በለስላሳ እርሳስ ይሁን። ደግሞ እባካችሁ ዲፕሎማና ደብዳቤ ላሚኔት የማድረግ ፍቅራችሁን ተዉት፤ ያ ፕላስቲክ በሙቀት ከተጣበቀ በኋላ ወረቀቱን ሳይገነጥሉ ማላቀቅ ያስቸግራል። በፕላስተር መጠገንም እንደዚሁ ነው፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይበላዋል። ተዉት፣ እንደ ተቀደደ ይቀመጥ።

ከዚያ የልጅ ልጃችሁን ጥሩና በስልኩ ገጽ በገጽ ያንሣው፤ አንዱን ግልባጭ ውጭ አገር ላለው ልጃችሁ ላኩ። ጀስዊቶቹ በየመርከቡ የላኩት ለዚህ ነው። ዋናውን ለዩኒቨርሲቲ፣ ለወመዘክር ወይም ለሌላ ተቋም የምትሰጡ ከሆነ ዝርዝሩ ተጽፎ፣ በርክክብ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት እንጂ በአደራ ቃል ብቻ አትስጡ። «ለጥናት ነው» ብሎ ብር ቆጥሮ ለሚመጣ እንግዳ ግን በራችሁን ዝጉ። ወረቀት የሌለው ደግሞ ቃል አለው፤ ስልኩን ከፊቱ አስቀምጦ ይናገር። ያላየውን ግን አይጨምር፤ «ሰማሁ» የሚለውን «አየሁ» ካለ ከዝምታው የባሰ ጎድቶናል።

አንድ ነገር ቀርቷል። አንዳንዶቻችሁ ሳጥናችሁ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አለ። በጓደኛ ላይ የተጻፈ ክስ፣ ለባለ ሥልጣን የቀረበ ማመልከቻ፣ ለሴት የተጻፈ ደብዳቤ። እሱን ነው መጀመሪያ ልታቃጥሉት የምታስቡት፤ አታቃጥሉት። የእኛን ዘመን ከምርቃት ፎቶግራፍ ይልቅ የሚያስረዳው እሱ ነው። ማኅበረሰቡ ያፍርብናል ካላችሁ በወፍራም ፖስታ አሽጉት፤ የሚጎዳው ሰውና ልጆቹ የሚያልፉበትን ዓመት ገምታችሁ «እስከ 2060 ዓ.ም. አይከፈት» ብላችሁ ከላይ ጻፉ፤ ከሥሩ ስማችሁን ከነአባታችሁ አስፍራችሁ ፈርሙ።