«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት

ወዳጆቼ፣ ፓስዎርዱ የጠፋ የድሮ ላፕቶፕ ጥገና ቤት ሲወሰድ ቶሎ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ለቴክኒሻኑ ቀላል ሥራ ነው፤ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናል፣ ሂሳቡን ይቀበላል። ባለቤቱ ግን ዕቃውን ይዞ፣ በውስጡ የነበረውን ሁሉ አጥቶ ይመለሳል። በኔ እምነት ይህ መልስ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ እንጂ ገና ከበሩ መሰጠት የለበትም። ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ቤት አይፈርስም።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አባቷ ካረፉ በኋላ ላፕቶፓቸውን ይዛ መጣች። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ነው። አባትየው በጡረታ ዘመናቸው የቤተሰቡን ታሪክ ይጽፉበት ነበር፤ ፓስዎርዱን ግን ለማንም አልነገሩም። ጥገና ቤት «ከፎርማት ውጪ መፍትሔ የለውም» ብለዋታል። እሺ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ሃርድ ዲስኩን ፈትተን በዩኤስቢ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘነው። ጽሑፉም ፎቶውም እንዳለ ቁጭ ብሏል!

ምን መሰላችሁ፣ እንዲህ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፓስዎርዱ የሚዘጋው መግቢያውን ነው እንጂ ፋይሉን አይደለም። ዲስኩን መፍታት ካስፈራችሁ ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ኮምፒውተሩን በሱ ማስነሳት ይቻላል። ዲስኩ ላይ ምንም ሳትጭኑ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ቦታ ትገለብጣላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ቀላሉን ሞክሩ። ያረጀ ኪቦርድ ላይ አንዱ ፊደል አልሠራ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ መግቢያው ገጽ ላይ ያለውን የስክሪን ኪቦርድ ከፍታችሁ በማውስ ጻፉ። የምትገቡት በማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ ደግሞ፣ ያስመዘገባችሁት ኢሜይል ወይም ስልክ ቁጥር እስከሠራ ድረስ ፓስዎርዱን ከስልካችሁ ላይ መቀየር ትችላላችሁ።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም አይከፈትም። በቢትሎከር የተቆለፈ ዲስክ ባለ 48 አኃዙ መክፈቻ ቁጥር ከሌለ፣ ፈትታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩትም አይነበብም። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ባለቤቱ ልብ ሳይለው በርቶ ይገኛል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ስለሚቀመጥ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

«ታዲያ የድሮውን ሌባም ሊከፍተው ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይከፍተዋል። ለዚህ ነው ቴክኒሻኑ ላፕቶፑ የማን እንደሆነ ማጣራት ያለበት። እናንተም ስትሸጡ «ፓስዎርድ አለው» ብላችሁ አትተማመኑ፤ ፋይላችሁን አውጡና ዲስኩን በደንብ አስጠፉ። ያኔ ፎርማት ቦታው ነው።

በተረፈ፣ ፓስዎርዳችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤት ካርታውና ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር አስቀምጡ፤ ለምታምኑት አንድ ሰውም ቦታውን ንገሩት። ቴክኒሻን ለሆናችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ፦ ደንበኛው ገና ሲገባ «ውስጡ የምትፈልገው ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ግን ሊያተርፍ ይችላል።