ጥሬ ሳንባ ለውሻ መጣል ደግነት አይደለም

አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ ወይም ባኮ በየጓሮው በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ያ ውሃ ያዘለ ከረጢት ግን የትል እጭ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድር ወጥቶ ውሻውን የሚዳብስ ልጅ እጅ ላይ ይደርሳል። በልጁ ጉበት ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ቀዶ ጥገና ነው።

«ውሻ የተፈጠረው ለጥሬ ሥጋ ነው» ባዮች አሉ። ይሁን። ጅብም እንደዚያው ነው፤ ጅብ ግን ከልጆች ጋር አይጫወትም። ደግሞስ ሳንባ ብቻውን ምን ቀለብ ነው? ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በእሱ ብቻ ያደገ ቡችላ አጥንቱ ይሳሳል። ደህናው ሳንባ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል፤ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይነስነስበት። ከረጢት ያለበት ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማይደርስበት ጥልቀት ይቀበር።