ፀሐይ በትኬት

ባለፈው እሑድ ፀሐይ ወጣች። «ይኼ ምኑ ዜና ነው?» የምትሉ ካላችሁ ክረምቱን አዲስ አበባ አልከረማችሁም ማለት ነው። ከተማችን በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ግማሽ ያህሉን የምትቀበለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዘንድሮ ደግሞ መስከረም ጠብቶም ዶፉ አልለቀቀንም ነበር። ኮቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ሻግቷል። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠራ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም፤ ትኬት ቆርጬ አንድ መናፈሻ ገባሁ። ነገሩ የአንድ መናፈሻ ጉዳይ ስላልሆነ ስሙን መጥራት አያስፈልግም።

አግዳሚው ገና እርጥብ ስለነበር ፌስታል አንጥፌ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ሰው ማየት ብቻ ነበር።

ከጎኔ አንድ አዛውንት ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ካልሲያቸውን አግዳሚው ጫፍ ላይ አስጥተው ተቀምጠዋል። «ተስማማዎት አባቴ?» አልኳቸው። «ጉልበቴ ነው ልጄ» አሉኝ። «ክረምቱን ሙሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ታስሬ ከረምኩ። ድሮ ሰፈር እያለን ደጃፌ ላይ ዱካ አውጥቼ ነበር የምሞቀው። ዛሬ ልጄ ከፍላ አስገባችኝ።» ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን «ከፍላ አስገባችኝ» የምትለዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም።

ፊት ለፊት አራት ወጣት ሴቶች ሣሩ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ከጨዋታቸው እንደገባኝ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ዕረፍታቸው የእሑድ ከሰዓት ብቻ ነው። አንዷ ስልኳን ከፍታ ከእናቷ ጋር ታወራለች። «እዛስ አባራ ወይ እማ? ገብሱ እንዳይጋሽብ!» ስትል ሰማኋት። እኔ ዝናቡ ይቁም ስል የነበረው ለኮቴ ነው። እሷ ግን ዛላው የከበደው ገብስ በዝናቡ መሬት ላይ እንዳይተኛ ነው የምትጨነቀው። አፈርኩ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። አደይ አበባ አጠገብ ሃያ ጊዜ ፎቶ የሚነሳ አለ። ነጭ ጫማ አድርጎ ጭቃውን እንደ ድመት የሚዘልም አለ፤ በመጨረሻ አልዘለለውም፣ ገባበት። ደስ የሚለው ግን ሌላ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ስናይ ኪሳችንን ይዘን ነው። ስልካችን ላይ ደግሞ ሰው የምናየው ከየት ወገን እንደሆነ ለማወቅ ነው። እዚያ ፀሐይ ላይ ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም። የማላውቀው ልጅ ኳሱን እግሬ ሥር አንከባለለ፣ እኔም መለስኩለት። በቃ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወጣሁ። በሩ ላይ አንድ አባት ሦስት ልጆች ይዞ፣ ሚስቱ ከኋላው ቆማ፣ የትኬት መስኮቱ ጋ ይጠይቃል። ዋጋው ሲነገረው ዞሮ ልጆቹን አየ። በቃሉ ሲያባዛ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ምንም አልተናገረም። ልጆቹን በሩ ፊት ለፊት ደርድሮ በስልኩ ፎቶ አነሳቸው፣ «እንግዲህ አያችሁት» አላቸውና ወደ ታክሲው መንገድ ይዟቸው ሄደ። ትንሿ ልጅ በባቡር ወንድሟ ትከሻ ላይ እንዳለች ወደ ኋላ እያየች ነበር።

መናፈሻዎቹ መሠራታቸውን ከሚያማርሩት ወገን አይደለሁም። አንድነት ፓርክን፣ ወዳጅነትን፣ እንጦጦን ከመሠራታቸው በፊት የነበረውን አስታውሳለሁ። ነጻ የነበሩት የሰፈር መናፈሻዎች ምን እንደሆኑም አይተናል፤ ግማሾቹ የሠርግ አዳራሽና መጠጥ ቤት ሆኑ፣ የቀሩት የቆሻሻ መጣያ። አትክልተኛና ጥበቃ ደመወዝ ይፈልጋል፣ ሽንት ቤቱም ውኃና ሳሙና ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ገብቶኛል።

ያልገባኝ ገንዘቡ ለምን ከበሩ እንደሚሰበሰብ ነው። በግንቦት 2011 «ገበታ ለሸገር» ላይ የአንድ ወንበር ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ከሀብታም ይሰብሰብና ከተማው ይዋብ ነበር ሐሳቡ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ታዲያ ያ ሐሳብ በሩ ላይ ሲደርስ ለምን ተገለበጠ? ከካፌው ኪራይ ውሰዱ። ከመኪና ማቆሚያው፣ ከሙሽራ ፎቶ፣ ከልጆች መጫወቻው ውሰዱ። አምስት ሆኖ የመጣን ቤተሰብ ግን ሣር ላይ ስለተቀመጠ አታስከፍሉት። ለሁሉም ቀን የማይቻል ከሆነ እሑድ ከሰዓት ይሁን፣ ለአዛውንት ደግሞ ጠዋት ጠዋት።

ነጻ ሲሆን ይበላሻል የሚለኝ ሰው መስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ማለዳ ይሂድ። ሲሮጥ የሚያነጋው ወጣት ለማንም ትኬት አልቆረጠም። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የመንገድ ዳር አግዳሚዎችም ነጻ ናቸው፣ ይህን ማመስገን ተገቢ ነው። ማታ ማታ ሰው ሞልቶባቸው ነው የማያቸው። ግን መኪና አጠገብ ነው፣ ልጅ ለቅቀህ የምታሯሩጥበት ቦታ አይደለም። በኮሪደሩ ምክንያት ከመሀል ከተማ ተነስቶ ዳር የወጣው ሰው ደግሞ የታክሲ ሂሳቡ ብቻ ከትኬቱ በፊት ኪሱን ይጨርሰዋል። ደጃፍ የነበረው እሱ ነበር።

የዚያን ቀን ከበሩ ሳልርቅ ጥበቃውን «እንዲህ ደርሰው የሚመለሱ ብዙ ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጥያቄዬ ደስ እንዳላለው ያስታውቃል።

«በዝናብ ማን ይመጣል ብለህ ነው ጋሼ» አለኝ። «እንዲህ ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚመለሱት የሚበዙት።»